ከሪፈረንስ ጠረጴዛ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ከተማሪዎችም፣ ተማሪዎችን ከሚያገለግሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችም የሚደርሰን ደብዳቤ ይበዛል። ለዚህ ዕትም ከመጡት ውስጥ ሰባቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሪፈረንስ ክፍል ከተመደብኩ አራት ወሬ ነው። ተማሪ ይመጣና «ስለ ትምህርት መጽሐፍ አለ?» ይለኛል። መደርደሪያውን አሳየዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ባዶ እጁን ሲወጣ አየዋለሁ። ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የመጻሕፍቱ ማነስ?

መልስ፦ መደርደሪያውን ያሳዩት ትንሽ ቀድመው ነው። ተማሪ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ሙሉውን ጉዳዩን ይዞ አይናገርም። «ይሄ ቤት ሊኖረው የሚችለው ይህን ነው» ብሎ ያሰበውን፣ አሳጥሮና አጠቃሎ ይጠይቃል። ሰው ላለማስቸገርም ይጠነቀቃል። ስለዚህ ከወንበርዎ ከመነሣትዎ በፊት ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

— ስለ ትምህርት መጽሐፍ አለ?
— አለ፣ ብዙ ነው። ምን እየሠራሽ ነው?
— ሲኒየር ኤሴይ።
— ርእስሽ ምንድን ነው?
— ሴት ተማሪዎች ትምህርት የሚያቋርጡበት ምክንያት።
— የት አካባቢ?
— እኛ ወረዳ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል።
— እስካሁን ምን አገኘሽ?
— ጎግል ላይ የኬንያ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።
— መቼ ነው የምታስረክቢው?
— ፕሮፖዛሉን ዓርብ።

አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ንግግር ነው፤ ፍለጋውን ግን ሙሉ በሙሉ ቀየረው። ስለዚያ ወረዳ የተጻፈ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ እንደማይገኝ አሁን ያውቃሉ። የሚያስፈልጋት የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ፣ በተመሳሳይ ርእስ በሌሎች ወረዳዎች የተሠሩ የማስተርስ ጽሑፎች፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚጠየቅ የምዝገባ ቁጥር ነው። የተጸየፈችው የኬንያ ጽሑፍም ለንጽጽርና ለመጠይቅ አዘገጃጀት ይጠቅማታል። ማስረከቢያዋ ዓርብ ስለሆነ ደግሞ ወረዳ ድረስ የሚያስኬደው ለኋላ ይቆይና ዛሬ በእጅ ያለው ይቀድማል።

አጠያየቅ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ለምን ፈለግሽው?» አይበሉ፤ እንደ ምርመራ ይሰማል፣ ተማሪዋም ትሸማቀቃለች። «ምን እየሠራሽ ነው?» ግን ወሬ ይከፍታል። በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚያልቅ ጥያቄም መጀመሪያ ላይ አይጠቅምም። «የኢትዮጵያን ነው የምትፈልጊው?» ቢሏት «አዎ» ብላ ዝም ትላለች፣ ወረዳውንም አትነግርዎትም።

ሲፈልጉ ስክሪኑን ወደ ተማሪዋ ያዙሩት። ከተቻለ ማውሱን ለእሷ ይስጧት፣ እርስዎ ከጎን ሆነው የሚጻፈውን ቃል ይንገሯት። እርስዎ ከፈለጉላት የዛሬውን ታገኛለች፤ ራሷ ስትፈልግ ግን የነገውንም ትማራለች። ስትጨርሱ «ይሄ ይበቃሻል?» ብለው አይለያዩ። ይሉኝታ ስላለ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ነው። «ከዚህ ውስጥ የጎደለሽ የቱ ነው?» ይበሏት። ከዚያም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደተቀመጠችበት ጎራ ብለው ይዩ። ተማሪ ባዶ እጁን የሚወጣው በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

በጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ደብተር ይኑር። ያልተመለሰ ጥያቄ ሁሉ ቀኑ፣ ርእሱና የጠፋው ነገር በአንድ መስመር ይጻፍበት። የግዥ ዝርዝር ሲዘጋጅ «መጽሐፍ ያንሰናል» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሴሚስተር ስለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ተማሪ ጠይቆ አጥቷል» ማለት የበለጠ ሰሚ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ለሊትሬቸር ሪቪው ቻትጂፒቲን ጠይቄ 15 ማጣቀሻዎች ሰጠኝ። አማካሪዬ «ከእነዚህ ውስጥ የሌሉ አሉ» ብለው መለሱብኝ። ደራሲዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ፣ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሰዎቹ እውነተኛ መሆናቸው ነው ነገሩን አሳሳች የሚያደርገው። እንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ከመዝገብ አውጥቶ ሳይሆን አብረው የሚሄዱ ቃላትን ገጣጥሞ ሊመልስልህ ይችላል። ስለዚህ በመስኩ የታወቀ ስም፣ ያ ሰው ሊጽፈው የሚችል የሚመስል ርእስና በእውነት ያለ መጽሔት ተገጣጥመው ማንም ያልጻፈው ጽሑፍ ይወጣል።

አንድ በአንድ ፈትሽ። መጀመሪያ ዲኦአይ ካለው፣ ማለትም ለአንድ ጽሑፍ ብቻ የሚሰጠው፣ በ10 እና በነጥብ የሚጀምረው መለያ ቁጥር ካለ፣ ዲኦአይ ነጥብ ኦርግ በሚለው ድረ ገጽ ላይ አስገባው። አንዳንዴ ይከፈትና ፈጽሞ ሌላ ጽሑፍ ይመጣል፤ ስለዚህ መከፈቱን ብቻ ሳይሆን ርእሱንም አመሳክር። ዲኦአይ ከሌለው ሙሉውን ርእስ በትእምርተ ጥቅስ አድርገህ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልግ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ርእሱ መጥቶ ከፊቱ በቅንፍ «ሳይቴሽን» የሚል ካለበት ስኮላር ጽሑፉን ራሱን አላገኘውም ማለት ነው። ሌላ ሰው በማጣቀሻ ዝርዝሩ ጠቅሶት ብቻ ነው ያየው። ያ ሰው ደግሞ እንዳንተ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ስካን ያልተደረጉ አሮጌ መጻሕፍትም በዚሁ ምልክት ስለሚመጡ ምልክቱን አይተህ ብቻ አትጣለው፤ ካታሎግ ላይ አረጋግጥ።

ሦስተኛው ፍተሻ ቅጽና ዓመት ማስተያየት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው ጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ቅጽ 12 የወጣው በ1974 ነው። «ቅጽ 12፣ 2019» የሚል ማጣቀሻ ካገኘህ ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግህም። የሌሎችንም መጽሔቶች የአንድ ቅጽና ዓመት ጥምረት ካወቅህ የቀረውን በመቁጠር ትደርስበታለህ።

ካረጋገጥክ በኋላም ጽሑፉን ሳትከፍት አትጥቀስ። ቢያንስ አብስትራክቱንና የምትጠቅሰውን ገጽ አንብብ። ፕሮግራሙን ለፍለጋ ቃላት ብትጠቀምበት ይሻልሃል። «ስለ መስኖ ውኃ አጠቃቀም ክርክር በእንግሊዝኛ ምን ምን ቃላት ይጠቀማሉ?» ብለህ ጠይቀውና ቃላቱን ይዘህ ወደ ካታሎጉና ወደ ስኮላር ሂድ።

ጥያቄ፦ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍት 963 ላይ ናቸው ተብዬ ሄድኩ፤ ያገኘሁት ታሪክ ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው ስለ ኢኮኖሚው ነበር።

መልስ፦ መጻሕፍትን በትምህርት ዘርፍ እየለየ ቁጥር በሚሰጠው በዲዊ አሠራር 963 የኢትዮጵያ ታሪክ ቤት ነው። ሌላው ሁሉ የሚቀመጠው ከትምህርት ዘርፉ ጋር ነው፤ አገሪቱ ከነጥብ በኋላ ትመጣለች። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ሁኔታ 330.963፣ ፖለቲካ 320.963፣ ትምህርት 370.963 ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን 963 ልብ በይ፦ 9 ከታሪክ፣ 63 ደግሞ ከኢትዮጵያ ነው። የመልክዓ ምድርና የጉዞ መጻሕፍት 916.3 ላይ ናቸው። የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ነው።

ቤተ መጻሕፍትሽ የአሜሪካውን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሠራር የሚከተል ከሆነ ፊደል ያለበት ቁጥር ታያለሽ። የኢትዮጵያ ታሪክ ከዲቲ 371 ይጀምራል፤ ኢኮኖሚው ግን ኤችሲ ውስጥ ነው።

መደርደሪያው ላይ ስትደርሺ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። የሚነበበው እንደ አስርዮሽ ነው። ስለዚህ 330.963 ከ330.97 በፊት ይቀመጣል፤ «963 ከ97 ይበልጣል» ብለሽ ወደ ቀኝ ከሄድሽ መጽሐፉን ታልፊዋለሽ። የኮንግረሱ መለያ ቁጥር ሁለተኛ መስመርም እንዲሁ ነው፦ ቢ34 ከቢ4 ይቀድማል። ካታሎጉ «አለ» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያጣሽው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አልጠፋም። ከትክክለኛው ቦታ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክንድ ያህል ተመልከቺ፣ ቀጥሎ የተመለሱ መጻሕፍት የሚጫኑበትን ጋሪ፣ ከዚያም ወደ ውጭ የማይወጡ መጻሕፍት የሚቀመጡበትን የሪዘርቭ ክፍል ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ለዶክትሬት ጥናቴ የአማርኛ መጻሕፍት እፈልጋለሁ። በዩኒቨርሲቲዬ ካታሎግ የደራሲውን ስም ስጽፍ ምንም አይመጣም። ጓደኛዬ ግን ያንኑ መጽሐፍ ከዚሁ ቤት ተውሷል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ሦስት ችግሮች በአንድ ላይ ገጥመውሃል። ብዙ ተማሪዎችን ከውጭም ከአገር ውስጥም የሚያስለቅሰው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

የመጀመሪያው የስም ቅደም ተከተል ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች ይህን ያውቃሉ፤ የኢትዮጵያ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት «ታደሰ» ሥር ናቸው። የጽሑፍ ዳታቤዞችና ጎግል ስኮላር ግን ስሙን ይገለብጡና «ታ. ታምራት» ያደርጉታል። ስለዚህ በካታሎግ በራስ ስም፣ በዳታቤዝ በአባት ስም፣ ጥርጣሬ ካለ በሁለቱም ፈልግ። ጥንድ ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም ውስጥ «ወልደ ሥላሴ» አንድ ስም ነው፤ ማሽኑ ግን ቆርጦ «ሥላሴ»ን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ ያለባቸው ስሞች ሁሉ ይህ ይደርስባቸዋል።

ሁለተኛው የላቲን አጻጻፍ ነው። ታደሰ የሚለውን ብቻ ብትወስድ፣ ዲ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ኤስ አንዴ ወይም ሁለቴ ሊጻፍ ስለሚችል አራት መልክ አለው። የመጽሐፍ ርእስ ሲሆን የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የኮንግረስን የፊደል ሠንጠረዥ ይከተላሉ፤ እሱም እኛ ቴሌግራም ላይ ከምንጽፈው ይለያል። ግእዙንም (መ) ራብዑንም (ማ) በ«ኤ» ይጽፋል፣ ራብዑ ላይ ብቻ ከላይ ሰረዝ ያደርጋል። ሳድሱ (ም) ድምፅ ሲኖረው በ«ኢ»፣ ቀ ደግሞ በ«ኪው» ይጻፋል። ለምሳሌ «መቃብር» የሚለውን ቃል አንተ ኤም፣ ኢ፣ ኬ፣ ኤ፣ ቢ፣ አይ፣ አር ብለህ ትጽፈዋለህ። ካታሎጉ ውስጥ ያለው ኤም፣ ኤ፣ ኪው፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ አር ነው። ከሰባቱ ፊደላት ሦስቱ ተለያዩ፤ ስለዚህ አይገናኙም። የላዩን ሰረዝ ባትጽፈውም ብዙ ካታሎጎች ያልፉሃል፣ ፊደሉን ግን ማስተካከል አለብህ።

ሦስተኛው በፊደላችን ራሱ ያለው ነው። አንዳንድ ካታሎግ በፊደል መፈለግ ያስችላል፤ ነገር ግን ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ አይቆጥርም። «ፀሐይ»ን ውሰድ፦ መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ፣ መካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። 2 በ6 ስታበዛው 12 አጻጻፍ ነው። መዝጋቢው የመረጠው አንዱን ብቻ ነው። መፍትሔው ከርእሱ ውስጥ ሞክሼ የሌለበትን ቃል መርጦ መፈለግ ነው። «የፀሐይ መውጫ መንገድ» የሚባል መጽሐፍ ቢኖር ፀሐይን ተወውና «መውጫ መንገድ» ብለህ ፈልግ።

በዩኒቨርሲቲህ ከሌለ የብዙ ቤተ መጻሕፍት የጋራ ካታሎግ በሆነው ወርልድካት ላይ የት እንዳለ ፈልግና የመዝገቡን ቁጥር ይዘህ በኢንተርላይብረሪ ሎን፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍትህ ከሌላ ቤት በሚዋስልህ መንገድ፣ ጠይቅ። ርእሱን በቃል ከምትነግራቸው የመዝገብ ቁጥሩ ይሻላል፤ አማርኛ የማያነብ ሠራተኛም ሳይሳሳት ያዝልሃል።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን በእንግሊዝኛ ነው የማቀርበው፣ ምንጮቼ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። 7 ወይስ 8 ልደምር? አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ነው።

መልስ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ትደምሪያለሽ (ጳጉሜን 6 ከሆነች ዓመት በኋላ ድንበሩ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል)። የሕዝብ ቆጠራዎቹን ለመለማመጃ ያዣቸው። ሁለተኛው ቆጠራ ጥቅምት 1987 ነበር፤ 7 ሲደመር 1994። ሦስተኛው ግንቦት 1999 ነበር፤ 8 ሲደመር 2007። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ሦስተኛው የተካሄደው ኅዳር 2000 ነው፤ እሱም 7 ሲደመር 2007 ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ዓመት፣ በእኛ ግን ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። እግረ መንገዳችንን እንንገርሽ፦ ከዚያ ወዲህ አገራዊ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የምታገኚው የሕዝብ ብዛት ሁሉ ትንበያ ስለሆነ «በቆጠራው መሠረት» ብለሽ አትጻፊው።

መጽሐፍ ላይ ወሩ ሳይጻፍ ዓመቱ ብቻ ካለ ሁለቱንም ስጪ፦ 1965 ዓ.ም. 1972/73 ይሆናል። አንዱን መርጦ መጻፍ ግምት ነው።

የበጀት ዓመት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ2015 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ «የ2015 በጀት ዓመት ሐምሌ» እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2022 እንጂ 2023 አይደለም። በሪፖርት ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት አንድ ዓመት ተዛብቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አዋጆችም እንዲሁ ናቸው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛው 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው። አንድ ሕግ ነው፤ በማጣቀሻሽ ውስጥ እንደ ሁለት አትቁጠሪው።

የግእዝ ቁጥሩን በተመለከተ ፻ መቶ ስለሆነ ከፊቱ ያለው ይባዛበታል፣ ከኋላው ያለው ይደመራል። ፲፱፻፷፭ ማለት 19 በ100፣ ሲደመር 65፣ ማለትም 1965 ነው። ፷ (60) እና ፯ (7) በደበዘዘ ኅትመት ይመሳሰላሉ፤ ከቦታቸው ለዪያቸው። አሥር ቤቱ ከአንድ ቤቱ ይቀድማል። ከ7000 የበለጠ ዓመት ካየሽ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው) ነውና 5500 ቀንሺ።

ጥያቄ፦ ጽሑፎችን ልከፍት ስል 35 እና 40 ዶላር ክፈል ይለኛል። ላይብረሪው «ይከፈታል» ይላል፣ እኔ ግን ዶርም ሆኜ አይከፈትልኝም።

መልስ፦ የምትገባው በየት በር እንደሆነ ተመልከት። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ነው። በውስጡ ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና፣ ኦአሬ ለአካባቢ፣ አርዲ ለቴክኖሎጂ፣ ጎአሊ ለሕግና ለማኅበራዊ ፍትሕ አሉ። በጎግል አግኝተህ ወደ አሳታሚው ገጽ በቀጥታ ከሄድክ አሳታሚው አያውቅህም፣ ዋጋ ይጠይቅሃል። መጀመሪያ የሪሰርች ፎር ላይፍን ገጽ ከፍተህ በተቋምህ የይለፍ ቃል ግባ፣ ከዚያ ውስጥ ሆነህ መጽሔቱን ፈልግ። ያኔ ከዶርምም ይከፈታል። የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው፤ በአካል ሄደህ ጠይቅ።

ያንን ቃል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፈው፤ በፕሮግራም ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜም አታውርድ። አሳታሚዎች ያልተለመደ አወራረድ ሲያዩ ተቋሙን በሙሉ ሊዘጉ ይችላሉ። ያኔ የሚጎዳው በማግስቱ የሚያስረክበው ጓደኛህ ነው።

አሁንም ካልተከፈተ ጎግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር ያለውን «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ማያያዣ ንካ፤ ደራሲው በነፃ ያስቀመጠው ቅጂ ሊኖር ይችላል። በአገር ውስጥ ለሚታተሙ መጽሔቶች አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንን ሞክር። የመጨረሻው መንገድ ለደራሲው አጭር ኢሜይል መጻፍ ነው፦ ማን እንደሆንክ፣ የጽሑፉ ሙሉ ርእስ፣ ለምን ሥራ እንደፈለግከው፣ በሦስት መስመር። ብዙዎች በደስታ ይልካሉ።

ጥያቄ፦ የሪፈረንስ መጽሐፍ ለምን ለአንድ ሌሊት እንኳ አይወጣም?

መልስ፦ ሪፈረንስ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ሳይሆን ሁሉም ሰው ለአምስት ደቂቃ የሚፈልገው ነው። አንድ ሰው ለሌሊት ከወሰደው ሌላው በዚያ ሰዓት ያጣዋል። ባለ 5 ቅጹ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ አንድ ቅጽ ብቻ ቢጎድልበት፣ በዚያ ቅጽ ፊደላት የሚጀምሩ ርእሶች ሁሉ ለሌላው ተማሪ የሉም ማለት ነው።

የምትፈልጊውን ገጽ በስልክሽ አንሺ። ከዚያ በፊት ግን የርእሱን ገጽና ጀርባውን፣ የቅጹን ቁጥር፣ የጽሑፉን ጸሐፊ ስም (መጣጥፉ መጨረሻ ላይ ይገኛል) አንሺ። እነዚህን ሳያነሡ ሄደው፣ ማጣቀሻ ሲጽፉ «የቱ ቅጽ ነበር?» እያሉ ሊያስረክቡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው ወደ ጠረጴዛው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።